3 ÷ 4 እና 3/4 አንድ መሆናቸውን ለልጅ ለማሳየት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ክፍልፋይ ገብቶታል የምትሉት ልጅ ካለ በዚህ ሞክሩት። 3 ወረቀት ፊቱ አስቀምጡና "ይሄ ለ4 ሰው እኩል ቢካፈል ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?" በሉት። "አይበቃም" ካለ፣ ወይም "4ቱ ለ3 ሰው ነው እንጂ" ብሎ ቁጥሮቹን ካገላበጠ፣ ወይም በትዕግሥት ቆራርጦ ሲጨርስ "3/12" ካላችሁ፣ ክፍልፋይ ለሱ እስካሁን የሚቀባ ስዕል ነው። ከ4 ክፍል 3ቱን መቀባት ይችላል። 3 ሲካፈል ለ4 የሚባለው ግን ከዚያ ስዕል ጋር ዝምድና ያለው አይመስለውም።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ በተለያየ ምዕራፍ፣ እንዲያውም በተለያየ ዓመት ነው የሚመጡት። ለምሳሌ ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የ2010 እ.ኤ.አ. የትምህርት መመዘኛ ክፍልፋይን በ3ኛ ክፍል ያስተዋውቃል፤ ክፍልፋይ ማለት ላዕሉ (የላይኛው ቁጥር) ለታህቱ (ለታችኛው) ሲካፈል መሆኑን በግልጽ የሚጠይቀው ግን 5ኛ ክፍል ላይ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ በቀለም ብቻ ካለፈ፣ አንድ ቀን "በላዕልና በታህት መካከል ያለችው መስመር ማካፈል ማለት ናት" ሲባል ልጁ ይሸመድደዋል እንጂ አያየውም።

እንዲያየው የሚያደርጉ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። የኔን ፍርድ ከወዲሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የወረቀት ጥብጣብ ማካፈል፣ ቀጥሎ የቁጥር መስመር፣ ከዚያ በማባዛት ማረጋገጥ። ክብ መቀባትን ለሌላ ሥራ አቆዩት። ካልኩሌተር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ምክንያቴን ከታች ታገኙታላችሁ፣ ካልተስማማችሁም የራሳችሁን ቅደም ተከተል ማውጣት ትችላላችሁ።

ክብ መቀባት

ክብ አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ነው፦ ስም ማስጠናት። ግማሽ ይሄን ይመስላል፣ ሩብ ይሄን ይመስላል፣ ሩቡ ከግማሹ ያንሳል። ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እስካሁን በተማረው ቁጥር 4 ከ2 ይበልጣል፤ አሁን ደግሞ 1/4 ከ1/2 ያንሳል እየተባለ ነው። ክቡ ይሄን በአንድ እይታ ያሳያል።

ለማካፈል ግን አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስዕሉ የሚጀምረው ከ1 ነው። 3/4 ሲሳል አንድ ክብ ለ4 ተከፍሎ 3ቱ ይቀባል። 3 ÷ 4 ደግሞ የሚጀምረው ከ3 ሙሉ ነገር ነው። ልጁ በስዕሉ ውስጥ 3 ሙሉ ነገር አያይም፣ የሚካፈሉ 4 ሰዎችንም አያይም። የሚያየው 3 ትንንሽ ቁራጮች ነው። ስለዚህ ስዕሉ ላይ ያለው 3 እና የማካፈሉ 3 አንድ ዓይነት 3 አይደሉም። ልጁን የሚያምታታውም ይሄ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ክብ በእጅ ለ3 ወይም ለ5 እኩል መክፈል ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል፤ ለ5 ስትከፍሉ እያንዳንዱ አንግል 72 ዲግሪ መሆን አለበት። ልጁ ደግሞ ሲሶውን በግምት ሲስል ሁለት ቀጭን አንድ ወፍራም ያወጣና "እኩል" የሚለው ቃል ዋጋ ያጣል።

የወረቀት ጥብጣብ ማካፈል

ይሄ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። እውነት ለመናገር ሌላውን ሁሉ ዘላችሁ ይሄን ብቻ ብትሠሩ እንኳ አብዛኛው ነገር ይገኛል።

እኩል ርዝመት ያላቸው 3 የወረቀት ጥብጣቦች አዘጋጁ። 4 ስም ጻፉ። "ለነዚህ 4 ሰዎች እኩል አድል፣ ምንም አይትረፍ" በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። እንዴት እንደሚቆርጥ አትንገሩት፣ ምክንያቱም ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ማየት ስለ አስተሳሰቡ ብዙ ይነግራችኋል።

አንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ በግማሽ ነው የሚጀምረው። ሁለቱን ጥብጣብ ለሁለት ለሁለት ይቆርጥና ለ4ቱም ግማሽ ግማሽ ይሰጣል። የቀረችውን አንዷን ለ4 ይከፍላል። ለአንዱ የደረሰው ግማሽ እና ሩብ ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ እያንዳንዱን ጥብጣብ ለ4 ይቆርጣል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ከያንዳንዱ ጥብጣብ አንድ አንድ ሩብ ይሰጣል። ለአንዱ የደረሰው 3 ሩብ ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ርዝመታቸው እኩል ነው። 1/2 + 1/4 እና 3/4 አንድ መሆናቸውን ልጁ የክፍልፋይ መደመርን ሕግ ሳይማር በዓይኑ አየ።

በግማሽ መጀመር የልጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጥንት ግብጻውያን ክፍልፋይን የሚጽፉት እንደዚሁ ነበር፤ ከ2/3 በቀር በአብዛኛው ላዕሉ 1 የሆነ ክፍልፋይ ነበር የሚጠቀሙት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈ አንድ ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ላይ ዳቦ ለ10 ሰው የማካፈል ጥያቄዎች አሉ። 6 ዳቦ ለ10 ሲካፈል መልሱ 1/2 + 1/10 ነው። 7 ሲሆን ደግሞ 2/3 + 1/30። ደምሯቸው፤ 6/10 እና 7/10 ይመጣሉ።

እንግዲህ ከሁለቱ አቆራረጥ የቱ ይመረጥ? ለመጀመሪያ ቀን የልጁን ተቀበሉ። ቀጥሎ ግን እያንዳንዱን ለ4 ወደሚቆርጠው አምጡት፣ ምክንያቱም እሱ ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል። በግማሽ የሚጀምረው 3 ለ4 ላይ ያምራል፣ 5 ለ7 ላይ ሲደርስ ግን መላ ቅጡ ይጠፋል (ግብጻውያኑም ለዚህ ነው የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ይዘው የሚሠሩት)። እያንዳንዱን ለ7 ብትቆርጡ ግን ከ5ቱ ጥብጣቦች አንድ አንድ ሰባተኛ፣ ለአንድ ሰው 5/7። አለቀ። ታህቱ 7 የሆነው ሰዎቹ 7 ስለሆኑ ነው፣ ላዕሉ 5 የሆነው ጥብጣቦቹ 5 ስለሆኑ ነው። ልጁ ይሄን በራሱ አፍ ከተናገረ ዋናውን ነገር ይዞታል።

አሁን ወደ 3/12 እንመለስ፤ በዚህ መንገድ የምታገኙት ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ልጁ 3 ጥብጣብ ለ4 ለ4 ቆረጠ፣ ጠረጴዛው ላይ 12 ቁራጭ አለ፣ ለአንዱ 3 ደረሰው። "ከ12ቱ 3፣ ስለዚህ 3/12።" ይሄን ልጅ ተሳስተሃል ብላችሁ አትለፉት፣ ምክንያቱም ያለው ነገር እውነት ነው። የአንዱ ሰው ድርሻ ከጠቅላላው ወረቀት 3/12፣ ማለትም ሩቡ ነው። ለ4 ሰው እኩል ሲካፈል ለአንዱ የጠቅላላው ሩብ መድረሱ ምን ይገርማል? ጥያቄው ግን ከጠቅላላው ምን ያህል ሳይሆን ስንት ጥብጣብ ደረሰው የሚል ነበር።

የሚሻለው መፍትሔ ይሄ ነው። አንድ ያልተቆረጠ ተጨማሪ ጥብጣብ አምጡ፣ ስሙም "አንድ" ይሁን። የልጁን 3 ቁራጮች አገጣጥማችሁ ከሥሩ ደርድሩ። ከ"አንድ" በሩብ ብቻ ያጥራል። "ይሄ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ያልተቆረጠች ጥብጣብ ከጠረጴዛው አትጥፋ። ክፍልፋይ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ክፍልፋይ ነው፤ የምን? የሚለው ጥያቄ ከተረሳ ሁሉም መልስ ትክክል ይመስላል።

ሌላ ትርፍም አለው። 3 ጥብጣብ ለ4 ሰው በአንድ ጠረጴዛ፣ ሌላ 3 ጥብጣብ ለሌላ 4 ሰው በሌላ ጠረጴዛ። ጠረጴዛዎቹን አጋጥሙ፤ 6 ጥብጣብ ለ8 ሰው ሆነ። የአንዱ ድርሻ ተለወጠ? አልተለወጠም። 3/4 እና 6/8 እኩል የሆኑት "ላይና ታችን በ2 አባዛ" ስለተባለ ሳይሆን የማንም ድርሻ ስላልተነካ ነው። ማወዳደርም ይቀላል። 2 ለ3 ይሻላል ወይስ 3 ለ4? በመጀመሪያው እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ለማግኘት 1/3 ይጎድለዋል፣ በሁለተኛው 1/4 ብቻ። ስለዚህ 3/4 ይበልጣል፣ የጋራ ታህት መፈለግ ሳያስፈልግ።

የቁጥር መስመር

ጥብጣቡ ክፍልፋይ ድርሻ መሆኑን ያሳያል። የቁጥር መስመሩ ደግሞ ያ ድርሻ ራሱን የቻለ ቁጥር መሆኑን፣ በ0 እና በ1 መካከል ወይም ከ1 ወዲያ የራሱ ቦታ እንዳለው ያሳያል። ብዙ ልጆች 3/4ን ሁለት ቁጥሮች እላይና እታች የተቀመጡበት ነገር አድርገው ነው የሚያስቡት። መስመሩ ይሄን ያርማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 36 ሴ.ሜ የሆነ ረጅም ጥብጣብ ቁረጡ። በየ12 ሴ.ሜው ምልክት አድርጉና 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። አሁን 3 ÷ 4 ለማግኘት ጥብጣቡን በሙሉ ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉት። ዘርግታችሁ ስታዩት የመጀመሪያው እጥፋት 9 ሴ.ሜ ላይ ነው። ከ12ቱ 9፣ ማለትም 3/4። ሁለተኛው እጥፋት 18 ሴ.ሜ ላይ፣ 6/4 ወይም 1 ተኩል። ሦስተኛው 27 ላይ፣ 9/4። የመጨረሻው ጫፍ ራሱ 3፣ ወይም 12/4። ድርሻው አራት ጊዜ ሲዘለል 3 ላይ ይደርሳል። ማካፈልና ማባዛት አንድ ጥብጣብ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

12 ሴ.ሜ የመረጥኩት ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ሳይተርፍ ስለሚካፈል ነው። ለ5 ከሆነ አንዱን 10 ሴ.ሜ አድርጉትና 3 ÷ 5ን ሞክሩ፤ 30 ሴ.ሜ ለ5፣ እያንዳንዱ 6 ሴ.ሜ፣ ከ10ሩ 6፣ ማለትም 3/5። ለ5 ማጠፍ ስለሚያስቸግር እሱን በማስመሪያ ለኩት።

ደካማ ጎኑ? ጥብጣብ ላይ ሳይሠራ ቀጥታ እዚህ የመጣ ልጅ ይጠፋበታል። ከ0 እስከ 3 በተሠመረ መስመር ላይ 3/4ን አሳየኝ ስትሉት የመስመሩን ሦስት አራተኛ ይፈልግና 2 ከሩብ ላይ ነጥብ ያኖራል። የ3/12 ስህተት መልኩን ቀይሮ መጣ ማለት ነው። ልጃችሁ እዚህ ከተያዘ ወደ ጥብጣቡና ወደ "አንድ" ተመለሱ እንጂ መስመር ላይ አትታገሉ።

ላዕሉ ከታህቱ ሲበልጥ ግን መስመሩን የሚወዳደር የለም። 7/4ን በክብ ለማሳየት "ከ4ቱ 7ቱን ቀባ" ልትሉ አትችሉም፣ ሌላ ክብ መጨመር ግድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ልጁ 7/8 ይላል። መስመር ላይ 7/4 ከ1 አለፍ ብሎ ከ2 በሩብ ሲያንስ ይታያል።

ጠጠርና አዝራር፣ ባልዲና ውሃ

በጠጠር ወይም በአዝራር የምታስተምሩ ከሆነ 12 ÷ 4 ጥሩ ነው፣ 3 ÷ 4 ላይ ግን ትቆማላችሁ። ጠጠር አይቆረጥም። "አይበቃም" የሚለው መልስ ከዚህ ልማድ ነው የሚመጣው። በዚህ ርዕስ ላይ አትጠቀሙበት።

ባልዲው ሌላ ነው። 4 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ውስጥ 3 ሊትር ውሃ ቢገባ ምን ያህሉ ሞላ? 3/4። ይሄም 3 ÷ 4 ነው፣ ጥያቄው ግን ለአንዱ ስንት ደረሰ ሳይሆን 4 በ3 ውስጥ ምን ያህል ይገባል የሚል ነው። ገና ለሚጀምር ልጅ ይሄን አታምጡበት፣ ሁለት ዓይነት ማካፈል በአንዴ ይከብዳል። 3 ÷ 1/4 ሲመጣ ግን የግድ ያስፈልጋችኋል፤ ለሩብ ሰው ማካፈል የሚባል ነገር የለማ። በ3 ውስጥ ሩብ ስንት ጊዜ ይገባል? 12 ጊዜ። እዚያ ላይ የማደል ታሪክ ያበቃል፣ የመግባት ታሪክ ይጀምራል።

ቀሪ ወይስ ክፍልፋይ?

ማካፈልን ቀድሞ የተማረ ልጅ 7 ÷ 4 ስትሉት "1 ቀሪ 3" ይላል። ትክክል ነው፣ ግን ያልተጠናቀቀ ነው። ለማሳመን የሚከተለውን አጠገቡ አስቀምጡ፦ 9 ÷ 6 ደግሞ 1 ቀሪ 3 ነው። ሁለቱ መልሶች በጽሑፍ አንድ ናቸው። ድርሻው ግን አንድ አይደለም። 7 ለ4 ሲካፈል 1 ከ3/4፣ 9 ለ6 ሲካፈል 1 ከ3/6፣ ማለትም 1 ተኩል። የቀረው 3 ለስንት ሰው እንደቀረ ካልተነገረ መልሱ ጎዶሎ ነው፤ ክፍልፋዩ ያንን ይዞልን ይመጣል።

የቱን መጻፍ ይሻላል ለሚለው፣ የሚካፈለው ነገር ምን እንደሆነ እዩ። 7 ሜትር ገመድ ለ4 ከሆነ 1 ከ3/4 ሜትር። 7 ሰው 4 ሰው በሚይዝ መኪና ይሂድ ከተባለ 1 ከ3/4 መኪና የለም፣ 2 መኪና ነው የሚያስፈልገው። ልጆች በቃላት ጥያቄ ላይ የሚወድቁት አንዳንዴ ሒሳቡ ጠፍቷቸው ሳይሆን የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን ስላልለዩ ነው።

ሕጉን መንገር እና ካልኩሌተር

"መስመሯ ማካፈል ናት" ብሎ ሕጉን በቀጥታ መንገርም አንድ አማራጭ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ፈተና ነገ ከሆነ አልፈርድባችሁም። በታሪክም ስህተት የለበትም። የክፍልፋይ አግድም መስመር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ የሒሳብ ሊቃውንት ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ÷ የሚለውን ምልክት ደግሞ የስዊዘርላንዱ ዮሃን ራን በ1659 እ.ኤ.አ. ለማካፈል ተጠቅሞ ያሳተመው ነው። መስመሯ በመቶዎች ዓመታት ትቀድማለች። ሕጉ ከጥብጣቡ በኋላ ሲመጣ ልጁ ያየውን ነገር ማሳጠሪያ ይሆንለታል፣ ቀድሞ ሲመጣ ግን ከሌሎች የተሸመደዱ ሕጎች ጋር ይደባለቃል።

ካልኩሌተር 3 ÷ 4ን 0.75 ይላል። ጥሩ ማረጋገጫ ነው፣ ማስተማሪያ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም ለምን የሚለውን አያሳይም። ከዚህም በላይ 2 ÷ 3 ስትሉት 0.6666667 ብሎ አሳጥሮ ያቆማል። ያንን በ3 አባዙት፤ 2.0000001 ይመጣል። 2/3 ግን በ3 ሲባዛ ልክ 2 ነው። ልጁ ክፍልፋይ ያላለቀ ሒሳብ ሳይሆን ራሱ መልስ መሆኑን የሚረዳው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ ነው።

ለናንተ ልጅ የቱ?

"አይበቃም" የሚል ከሆነ ጥብጣብና መቀስ፣ ሌላ ምንም። 3/12 የሚል ከሆነ ያው ጥብጣብ፣ ግን "አንድ" የምትለዋን አስቀምጡለት። 3 ÷ 4ን ወደ 4 ÷ 3 የሚያገላብጥ ከሆነ ሁለቱንም ያድል፣ ጎን ለጎን፤ አንዱ ከሙሉ ያነሰ፣ ሌላው ሙሉና ሲሶ ይሆንበታል። ትልቁን ለትንሹ ማካፈል ግዴታ ነው የሚለው ልማድ በክርክር አይለቅም፣ በቁራጭ ነው የሚለቀው። 3/4ን መቁረጥ የሚችል፣ 7/4 ላይ የሚደናገር ከሆነ የቁጥር መስመር። ሁሉንም የሚያውቅ የሚመስል ከሆነ 5/8 ጻፉና ለዚህ መልስ የሚሆን የማካፈል ታሪክ ፍጠር በሉት። ይሄ ጥያቄ ማስመሰልን አይፈቅድም።

የቁጥሮቹ ምርጫም ያው ነው። በ5 ÷ 2 ጀምሩ፣ ግማሽን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። ከዚያ 1 ÷ 4፣ 3 ÷ 4፣ 2 ÷ 3፣ 5 ÷ 3። መጀመሪያ ላይ 4 ÷ 8 ዓይነት አትስጡ፤ ልጁ "ግማሽ" ይላችኋል፣ ትክክልም ነው፣ ግን 4ቱና 8ቱ መልሱ ውስጥ ስለማይታዩ የምትፈልጉት ነገር ተደብቆ ያልፋል።

ብልህ ልጅ ካለ ደግሞ 4/0 ስንት ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጀመሪያ 0/4 አስቀድሙ፤ ምንም ወረቀት የለም፣ 4 ሰው አለ፣ ለአንዱ 0 ደረሰው። ቀላል። 4/0 ላይ ተቀባይ ሰው የለም፣ ስለዚህ "ለአንዱ ስንት ደረሰ" የሚለው ጥያቄ ራሱ አይጠየቅም። "0 ነው" ብሎ ከተከራከረ በማባዛት ያረጋግጥ። 3/4 በ4 ሲባዛ 3 እንደሚሰጠው ሁሉ የ4/0 መልስም በ0 ሲባዛ 4 መስጠት አለበት። እንዲህ ያለ ቁጥር ይፈልግ፣ ጊዜም ስጡት።